በኦንላይን ኮርስ የዘር ሐረግን ማጥናት እንዴት እንደሚቻል፦ ከጎጃም የተገኘ ልምድ

ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ የዘር ሐረጌን ለማጥናት ስነሣ በእጄ የነበረው በአባቴ በኩል እስከ ስድስት፣ በእናቴ በኩል ደግሞ እስከ ሦስት ትውልድ የሚደርስ የስም ዝርዝርና አንድ ስልክ ብቻ ነበር። ዘመዶቼ ትውልድ መቁጠርን ከኮርስ ልማር መሆኑን ሲሰሙ ሳቁብኝ፤ ዘር የሚጠየቀው ከሽማግሌ እንጂ ከፈረንጅ አይደለም የሚል ነበር ክርክራቸው። ግማሽ እውነት አላቸው። ኮርሶቹ የሚጠቁሟቸው መዛግብት አብዛኞቹ እኛ ዘንድ የሉም፤ ማስረጃን ስለ መመዘን የሚያስተምሩት ክፍል ግን፣ ርስት ሲከራከር ለኖረ አገር ሆን ተብሎ የተዘጋጀ እስኪመስል ድረስ ይስማማል። ሥራው እንዴት እንደሚሄድ፣ እኔ የተሳሳትሁበትን ጨምሬ እንደሚከተለው አቀርበዋለሁ።

ኮርስ መምረጥና የማይጠቅመውን መዝለል

ለጀማሪ የሚበቁት በነጻ የሚገኙት ናቸው። ፋሚሊሰርች የተባለው፣ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድረው ድርጅት አጫጭር ትምህርቶችን ያለ ክፍያ ያቀርባል፤ የዚያው ቤተ ክርስቲያን የሆነው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲም ተማሪው በራሱ ፍጥነት የሚወስዳቸው የቤተሰብ ታሪክ ኮርሶች አሉት። በስኮትላንድ የሚገኘው ስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ ፊውቸርለርን በተባለው የኦንላይን ኮርስ መድረክ በኩል ያዘጋጀው ኮርስም ለዚህ ሥራ የሚሆን ነው። የምስክር ወረቀት ለማግኘት ሲባል ገንዘብ መክፈልን ግን አልመክርም፤ ሽማግሌ ቤት ሲገቡ ወረቀትዎን የሚጠይቅ የለም።

እነዚህ ኮርሶች የተዘጋጁት እ.ኤ.አ. ከ1538 ጀምሮ የአጥቢያ መዝገብ መያዝ ለጀመረችው እንግሊዝና እ.ኤ.አ. ከ1790 ወዲህ በየ10 ዓመቱ ሕዝቧን ስትቆጥር ለኖረችው አሜሪካ ነው። በእኛ አገር የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ ልደትንና ሞትን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ስለ ሕዝብ ቆጠራ ቅጾች፣ ስለ መርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝርና ስለ ልደት ምስክር ወረቀት የሚናገሩትን ትምህርቶች ያለ ጸጸት ይዝለሏቸው። ፈጽሞ መዘለል የሌለባቸው ሦስት ርእሶች ናቸው፦ ምንጩ ዋናው ነው ወይስ ቅጂ፣ ተናጋሪው ነገሩን በዓይኑ አይቷል ወይስ ሰምቷል፣ ሁለት ማስረጃዎች ሲጋጩስ እንዴት ይፈታሉ የሚሉት።

እኔ በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ኮርሶች ላይ ተመዝግቤ አንዱንም ሳልጨርስ ክረምቱ አልፎብኛል። አንዱን ይምረጡና ይጨርሱት። ማውረድ የተፈቀደ ከሆነ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሥሩ የሚያሳየውን ቪዲዮ መስመር በሚገኝበት ሰዓት አስቀድሞ ማውረድ ይሻላል፤ ትምህርቱን ከኔትወርክ ጋር አሰልፎ የሚጠብቅ ሰው የትም አይደርስም።

የጊዜው አከፋፈል በአገራችን ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። ኮርሱ ለክረምት ይሁን፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ወንዙም ሞልቷል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ አዝመራ የሚሰበሰብበትና አውድማ ላይ የሚዋልበት በመሆኑ ሽማግሌ ፍለጋ ገጠር መውጣት ማስቸገር ነው። ከጥር ጀምሮ ግን ሠርግ ስለሚበዛና ለጋብቻ ሰባት ቤት ስለሚቆጠር፣ ስለ ዘር መጠየቅ የተለመደ ወሬ ይሆናል። በ12፣ በ21 እና በ29 ሞፈር ስለማይነሣ ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቤታቸው ይገኛሉ።

ቁጥር እንጂ የቤተሰብ ስም አለመከተል

ማንኛውም ኮርስ ገና ከመጀመሪያው የቤተሰብ ስም ጻፉ ይላል። የእኛ ስም ከልጅ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት የሚሄድ በመሆኑ በየትውልዱ ይለወጣል፤ አያትን እንደ ቤተሰብ ስም የሞላ ሰው አጎቶቹን ሁሉ ባዕድ አድርጎ ያገኛቸዋል። መፍትሔው እዚያው ኮርሱ ውስጥ በጥቂት ደቂቃ የሚታለፈው የቁጥር ዘዴ ነው። ራስዎን 1 ይበሉ፤ የማንኛውም ሰው አባት የዚያ ሰው ቁጥር በሁለት ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ እናት ደግሞ በዚያ ላይ አንድ ሲጨመር የሚገኘው ነው። አባትዎ 2፣ እናትዎ 3፣ የአባትዎ አባት 4፣ የአባትዎ እናት 5፣ የእናትዎ አባት 6፣ የእናትዎ እናት 7 ይሆናሉ። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት፣ እንጅላት እያሉ ሲወጡ ከየትኛው እንጅላት እንደሆነ የሚያደናግረው ሁሉ በዚህ ይጠራል። ከራስ በላይ ሰባተኛው ትውልድ ላይ ብቻ 128 ቦታ አለ፤ የእኔ ገበታ ሲጀመር ከእነዚህ ውስጥ አንድ እንኳ አልተሞላም ነበር።

ይህን በደብተር ይሥሩት። ፕሮግራም ቆይቶ ይደርሳል።

መጠየቅ

የመጀመሪያዋ ተጠያቂዬ የአያቴ እኅት የሆኑት እማሆይ ነበሩ። ከኮርሱ የገለበጥሁትን የጥያቄ ዝርዝር ይዤ፣ «የአያትዎ አባት ማን ይባሉ ነበር?» አልኋቸው። «እኔ ምኑን አውቄው ልጄ፤ ዘር የሚቆጥሩት ወንዶቹ ናቸው» ብለው ዝም አሉ። ሁለተኛ ስመለስ ዝርዝሩን ትቼ፣ «የእናትዎ ድርሻ የት ነበር? ከማን ጋር ነበር የምትካፈሉት?» ብዬ ጀመርሁ። ያን ቀን ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ዘጠኝ ስም፣ ሦስት ሸንተረርና አንድ የወንዝ ዳር ክርክር ነገሩኝ። ጎጃም ውስጥ የስም መንገዱ መሬት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ተዝካር፣ ማኅበርና ለቅሶ ይመጣሉ፤ ጥሩ ሙሾ አውራጅ የሟችን አባቶች ከነአገራቸው እየጠራች ስለምታስለቅስ፣ ስላለቀሰችላቸው ሰዎች እሷን መጠየቅ ከብዙ ወረቀት ይበልጣል።

ድምፅ መቅዳት በፈቃድ ይሁን፤ የተቀዳውም በዚያው ቀን ወደ ሌላ ስልክ ወይም ፍላሽ ይገልበጥ።

የተነገረውን መመዘን

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ፣ ኮርሱም በእውነት የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። በጎጃም ርስት በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ይወረስ ነበር። አንድ ሰው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው አባት መወለዱን በማንኛውም መስመር ማስረዳት ከቻለ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበረው። በዳሞት በኩል ያ የመጀመሪያው ሰው ዋና አባት፣ ከእሱ በታች መሬቱ የተከፋፈለባቸው ልጆች ደግሞ ምንዝር አባት ይባላሉ። እንግዲህ ሽማግሌዎች በቃላቸው የያዙት ሐረግ ለትዝታ የተቀመጠ አልነበረም፤ በችሎት የሚቀርብ ማስረጃ ነበር። ማስረጃ የሆነ ነገር ሁሉ ደግሞ አቅራቢው አለው፤ አቅራቢውም ጥቅም አለው።

ከዚህ የሚመጣውን ጣጣ ልብ ይበሉ። መሬት ያስገኘው መስመር በጥንቃቄ ይታወሳል፤ ድርሻ ያላመጣችው፣ ወይም ሩቅ አገር ተድራ ድርሻዋን ሳትጠይቅ የቀረችው ሴት ከነልጆቿ ትረሳለች። አጭር ሐረግ በችሎት ፊት ስለሚጥም መካከል ላይ ያሉ ሰዎች ይዘለላሉ። አልፎ አልፎም የማይወለድ ሰው ባለርስት ዘንድ ጠግቶ ኖሮ፣ ከሁለት ትውልድ በኋላ ልጅ ልጁ እንደ ተወላጅ ይቆጠራል። ይህን መናገር የሚያስቀይማቸው ዘመዶች እንዳሉኝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሳይናገሩ ጥናት የለም።

ስለዚህ እያንዳንዱን ቃል ስመዘግብ ከጎኑ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ ማን ነገረኝ፣ እሱስ ከማን ሰማው፣ ነገሩ እንዲህ በመሆኑ ያን ጊዜ ምን ያገኝበት ነበር። የእኔ አያት እነማይ ውስጥ ስላለ አንድ ቁራሽ መሬት ሲከራከሩ ከራሳቸው እስከ ዋናው አባት አራት ትውልድ ቆጥረው ነበር፤ የቤታችን ሰው ሁሉ ዛሬም አራት ነው የሚለው። በክርክሩ ተቃራኒ የነበሩት ወገን ልጆች ግን ከእኛው አያት እስከዚያው ሰው ስድስት ይቆጥራሉ። መጀመሪያ የእነሱን ቆጠራ የጠላት ወሬ ብዬ ተውሁት። በኋላ ኮርሱ ላይ አንድ ተናጋሪ ጥቅሙን በሚጎዳ ነገር ላይ የሰጠው ቃል ክብደት እንዳለው ስማር፣ ተመልሼ አየሁት። ተቃራኒዎቻችን ከዋናው አባት መወለዳችንን ጨርሶ ቢክዱ ይጠቅማቸው ነበር፤ እነሱ ግን መወለዳችንን አምነው በሁለት ሴቶች በኩል እንደሆነ ነበር የሚናገሩት። በዚያ ላይ ዋናው አባት ኖሩበት የሚባለውን ዘመን በአራት ትውልድ ለመሙላት እያንዳንዱ አባት ልጁን በሃምሳ ዓመቱ መውለድ ነበረበት። በስድስት ሲካፈል ግን ለአንድ ትውልድ ሠላሳ ዓመት ገደማ ይደርሳል፤ ይህም ተፈጥሮ የሚቀበለው ነው። አያቴ አልዋሹም፤ ሁለቱ ሴቶች ለክርክሩ ስለማያስፈልጉ አልጠሯቸውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ክርክር ስለዘጋው፣ ዛሬ ሽማግሌዎች ያለ ፍርሃት ይናገራሉ። በሌላ በኩል በዚያን ጊዜ ችሎት የቆሙ ሰዎች ዛሬ በጣም አርጅተዋል። ከልጆቻቸው የሚገኘው የሰሙትን ነው፤ በኮርሱ ቋንቋ ሁለተኛ እጅ መረጃ ነው።

ስም ብቻውን ሰው አይደለም

አንድ ሰው በዓለም ስሙ፣ በክርስትና ስሙ፣ በፈረስ ስሙና በማዕረጉ በአራት ሰው ልክ ሊገኝ ይችላል። ሴት ደግሞ ስትዳር አማቷ ያወጣችላት ስም ሊኖራት ይችላል። ለዚህ ከታወቁት ሰዎች ምሳሌ ካስፈለገ፣ ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ ሆነው ሲነግሡ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለዋል፤ ከዚያ ዓመት በኋላ በተጻፈ ወረቀት ላይ አዳልን ብቻ የሚፈልግ ሰው ያልፋቸዋል። ንጉሥ እንዲህ ከሆነ ጭቃ ሹምማ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት ነው።

የዚህን ተቃራኒ ስሕተት የሠራሁት እኔ ነኝ። ኮርሱን በጨረስሁ ማግሥት፣ ገና ደፋር ሳለሁ፣ ለአንዲት ዘመዴ ልጅ ጋብቻ ትውልድ እንድቆጥር ተጠየቅሁ። በሙሽራው ሐረግና በእኛው መካከል አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት ማዕረግና አንድ ደብር አገኘሁ፤ ፊታውራሪ ነበሩ ሁለቱም። አምስት ቤት ናቸው፣ አይጋቡም አልሁ። ብቅሉ ተበቅሎ፣ ጌሾው ተወቅጦ፣ ሠርጉ ቆመ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሽማግሌ መጥተው፣ ሁለቱ ፊታውራሪዎች ሌላ ሌላ ምንዝር አባት እንደነበራቸው፣ አንዱ ከክፉ ቀን በፊት እንደሞቱ፣ ሌላው ግን አድዋ ዘምተው እንደተመለሱ በሁለት ምስክር አስረዱ። ሠርጉ ተሠርጓል፤ የሙሽራው አባት ግን እስካሁን በሩቁ ነው ሰላም የሚሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ስሞችን አንድ ሰው ናቸው የምለው ከስሙ ሌላ ቢያንስ ሦስት ነገር ሲገጥም ብቻ ነው፦ የአባት ስም፣ የሚስት ወይም የልጅ ስም፣ ድርሻ የነበራቸው መሬት፣ የኖሩበት ዘመን። ሁለቱ ብቻ ከገጠሙ በእርሳስ እጽፋለሁ። የጋብቻ ነገር ከሆነ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ሳይስማሙ አንድ ቃል አልናገርም።

ዘመንን ማስላት

የዕድሜ ጥያቄ ቁጥር አያመጣም፤ ዘመኑን የሚያወጣው ክስተት ነው። ለእኛ አገር የሚሆኑት ችካሎች ከ1880 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ክፉ ቀን፣ የ1888 ዓ.ም. የአድዋ ዘመቻ፣ በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የጣልያን ዘመንና በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ የተነሣበት ጊዜ ናቸው። «ጣልያን ሲገባ ጡት እጠባ ነበር» ያለ ሰው የልደት ወረቀት ካለው አይተናነስም።

ከዚህ በላይ የሚያጠብበው የወንጌላውያን ዘመን ነው፤ ከካህናት ጋር የዋለ ሽማግሌ ሁሉ ያስታውሰዋል። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት ሲያካፍሉ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። እማሆይ ወንድማቸው የተወለደው «ከጣልያን በፊት በነበረው ማቴዎስ» እንደሆነ ሲነግሩኝ፣ 1925 ዓ.ም. እንደሆነ ለማወቅ የፈጀብኝ አንድ ደቂቃ ነው።

እኔ የሞከርኋቸው ፕሮግራሞች የእኛን አቆጣጠር አያውቁም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ የፈረንጆች ዓመት እስኪለወጥ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ይደመራል። በአንድ ገበታ ላይ ሁለቱን መቀላቀል አባትን ከልጁ በኋላ ያስወልዳል፤ ስለዚህ በደብተርዎ ዓ.ም. ብቻ ይጻፉ፣ ወደ ኮምፒውተር ሲያስገቡ ይቀይሩ።

ብራናና መዝገብ

በጎጃም ጥንታዊ ደብሮችና ገዳማት በብራና መጻሕፍት ህዳግ ላይ መጽሐፉን ያሠራው ሰው፣ የመሬት ስጦታና ሽያጭ፣ የምስክሮችም ስም ተጽፎ ይገኛል። ካህናቱን በአክብሮት ጠይቆ፣ የሚገባውን ፈቃድ አግኝቶ እንጂ ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሣት ነውር ነው። ቤትዎ ሆነው ለመጀመር ግን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በማይክሮፊልም መነሣት የጀመሩት የኢትዮጵያ ብራናዎች በአሜሪካ ሚኔሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መዘክርና የብራና ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ተመዝግቦ ብዙዎቹን ማየት ይቻላል። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና መዛግብት የሚገኝበትን ወመዘክርንና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቢጎበኝ ይጠቀማል።

በብራና ላይ ያለው ብዙ ጊዜ የክርስትና ስም መሆኑን አይርሱ። ወልደ ጊዮርጊስ የሚል ቢገኝ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ቤተሰቡ በተዝካሩ ላይ በዚያ ስም ሲያስጠራው ከሰማ ሰው ነው። በኮምፒውተር ሲፈልጉም ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እያፈራረቁ ይሞክሩ።

ማስገባትና ማሳየት

ለኮምፒውተር ግራምፕስ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም እመርጣለሁ፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ገበታውም በራስ እጅ ይቀራል። ሁሉም ሰው የሚያርመውን የጋራ የኦንላይን ዛፍ አልወደውም፤ ያልተመዘነ ስም አንድ ጊዜ ከገባ ሌላው እየገለበጠ ያበዛዋል። በሕይወት ያሉ ሰዎችን ስምና የልደት ቀን በኢንተርኔት ላይ ማውጣትም አይገባም።

ገበታውን በትልቅ ፊደል አትሜ ዘመዶች ለማኅበር በተሰበሰቡበት ቀን ከቁጥር 1 ጀምሮ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። በአንድ ከሰዓት በኋላ አሥራ አራት እርማት ተቀበልሁ፤ ሁሉንም ከነተናጋሪው መዘገብሁ። በቁጥር 11 ላይ፣ ማለትም በአባቴ እናት እናት ቦታ፣ ስም የሚሰጠኝ አልተገኘም። ድርሻ ይዘው ስላልመጡ ነው የሚል ግምት አለኝ። እማሆይ ግን ለእናታቸው ተዝካር ሲወጣ አብረው የተጠሩ አንዲት ወለተ ማርያም እንደነበሩ አስታወሱና ያን ጊዜ ያስቀደሱት መሪጌታ ልጅ ደብረ ወርቅ እንዳለ ነገሩኝ። ስሙን በእርሳስ ጽፌዋለሁ፤ ጥር 21 ለንግሥ ስሄድ እጠይቀዋለሁ።